«አንሲኔት» የማን? ስለ መንጠቆ ስሞች የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ2ኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። አናቶሚ (የሰውነት አወቃቀር ትምህርት) ላይ አራት ስሞች አስቸግረውኛል፤ ሃሙለስ፣ ሃሜት፣ አንከስ እና አንሲኔት። መጽሐፉ ሁሉንም «መንጠቆ የሚመስል» ይላቸዋል። ባለፈው ፈተና የቆሽቱን ሃሙለስ፣ የእጅ አንጓውን ደግሞ አንከስ ብዬ ጻፍኩና ሁለቱም ተሰረዙብኝ። ሁሉም መንጠቆ ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በምንስ ልያዛቸው?
እኅታችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እኅቴ፣ የተምታታብሽ ስላላጠናሽ አይደለም። ስሞቹን ያወጡት ሰዎች የነገሩን ቅርጹን ብቻ ነው፤ ቦታውን አልነገሩንም። ላቲን ለመንጠቆ «ሃሙስ» እና «አንከስ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሃሙለስ ከመጀመሪያው የወጣ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ሃሜት እና አንሲኔት ደግሞ ቅጽሎች ናቸው፤ መንጠቆ ያለው፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። በትርጉም ልለያቸው ብትዪ የትም አትደርሺም።

የሚለያቸው ባለቤታቸው ነው። እኔ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መንጠቆው የማን ነው? አጠገቡስ ምን ያልፋል? ሁለቱን የመለሰ ተማሪ ስሙን አይረሳም።

ከእጅ እንጀምር፤ ምክንያቱም አሁኑኑ ልትዳስሺው ትችያለሽ። የእጅ አንጓ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ሃሜት ከነሱ አንዱ ነው፤ የሚገኘውም በትንሿ ጣት በኩል ነው። (ክፍል ውስጥ ስሙን ስጠራ ተማሪዎች ፈገግ ይላሉ፤ ጥሩ ነው፣ በዚያው ይያዝላቸዋል።) ሃሜት የአጥንቱ ስም ነው። ከአጥንቱ ወደ መዳፍ የሚወጣው ጉጥ ደግሞ ሃሙለስ ይባላል። ስለዚህ ሃሜት እና ሃሙለስ ተፎካካሪ ስሞች አይደሉም፤ አንዱ ሙሉ አጥንት፣ ሌላው የዚያው አጥንት ክፍል ነው።

ቀኝ መዳፍሽን ዘርጊ። መዳፍሽ ከእጅ አንጓሽ በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ አተር የምታክል አጥንት አለች፤ ፒሲፎርም ትባላለች። የግራ አውራ ጣትሽን መታጠፊያ እሷ ላይ አሳርፊ። ጫፉን በቀኝ አውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል ወዳለው ቦታ አቅጣጪው። አሁን ጫፉን ጠንከር አድርገሽ ተጫኚ። ከሥጋው ሥር ጠንካራ ነገር ይሰማሻል፤ ትንሽም ያማል። ሃሙለሱ እሱ ነው።

በፒሲፎርምና በዚህ መንጠቆ መካከል አልናር የሚባለው ነርቭ ከደም ሥሩ ጋር ያልፋል። መተላለፊያው እ.ኤ.አ. በ1861 በገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የጊዮን ቦይ ይባላል። ረጅም መንገድ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች መዳፋቸው መሪው ላይ ተጭኖ ስለሚቆይ ነርቩ እዚያ ይጨቆናል፤ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። ጎልፍ ወይም ቴኒስ የሚጫወት ሰው ደግሞ የመምቻው እጀታ መንጠቆውን ሊሰብርበት ይችላል። ስብራቱ በተለመደው የፊት ለፊት ራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም። እጁ ወደ ኋላ ተቀልብሶ የሚነሳ ልዩ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሐኪም «ምንም የለብህም» ብሎ ሰውየውን ከነሕመሙ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።

ሃሙለስ ግን እጅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ላንቃ አጠገብ አለ። ስፊኖይድ የሚባለው የራስ ቅል አጥንት ወደ ታች የሚልካቸው ቀጫጭን ክንፎች አሉት። የውስጠኛው ክንፍ ጫፍ ታጥፎ ቴሪጎይድ ሃሙለስን ይሠራል። በምላስሽ ከላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለሽ ፈልጊው። አንዳንድ ሰው ድንገት ሲነካው እብጠት መስሎት ይደነግጣል። ላንቃን የሚወጥረው ጡንቻ ጅማት እዚህ መንጠቆ ላይ ዞሮ ወደ ጎን ይታጠፋል። ከላይ ወደ ታች የነበረው ጉተታ ወደ ጎን የሚሆነው በዚህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ጆሮሽ ሲደፈን ምራቅሽን ውጠሽ የሚከፈትልሽ በዚሁ ጡንቻ ሥራ ነው። እንባ በሚፈስበት ጎድጓዳ ዙሪያና በውስጠኛው ጆሮ ውስጥም ሃሙለስ የሚባሉ አሉ፤ ለአሁኑ መኖራቸውን ማወቅ ይበቃሻል።

አንከስ ሲባል ግን ሐሳብሽ ወደ አንጎል ይሂድ። አጥንት አይደለም። በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል፣ ቴምፖራል ሎብ፣ ከውስጥ በኩል ፊት ለፊት ታጥፎ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሥራው ከማሽተት ጋር የተያያዘ ነው። የሚጥል በሽታ ከዚህ አካባቢ ሲነሳ ሕመምተኛው መጀመሪያ የሌለ ሽታ ሊሸተው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደስ የማይል ሽታ ነው።

እባክሽ አንከስ ላይ ረጋ በዪ። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው አስቢ። ደም በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል እየተጠራቀመ ነው። ግፊቱ ሲበዛ አንከስ ከቦታው ተንሸራቶ ይወርድና ከጎኑ የሚያልፈውን ሦስተኛውን የራስ ቅል ነርቭ ይጫነዋል። ብሌንን የሚያጠቡት ክሮች በዚያ ነርቭ ጠርዝ ላይ ስለሚሄዱ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። በዚያው በኩል ያለው የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ብርሃን ሲበራበትም አይጠብም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ በየጊዜው ባትሪ እያበራች ዓይን የምታየው ይህን ለመያዝ ነው። ይህን ካወቅሽ የእጅ አንጓን አንከስ ብለሽ አትጽፊም።

አንሲኔት የቀረው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ብቻውን ሲጻፍ ምንም አይናገርም። የቆሽቱ አንሲኔት የቆሽት ራስ የታችኛው ጫፍ ሲሆን ወደ አንጀት ከሚሄዱት ትልልቅ የደም ሥሮች ኋላ ይገባል። የሐሞት ቱቦው ከሱ ራቅ ስለሚል እዚያ የበቀለ ዕጢ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ ሊያድግ ይችላል። የአፍንጫው አንሲኔት ስስ የአጥንት ቅጠል ነው፤ የሳይነስ (በፊት አጥንቶች ውስጥ ያለ አየር የሞላበት ክፍተት) ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ወደ ጉንጩ ሳይነስ ለመግባት መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። የአንገቱ ደግሞ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ባሉት የአንገት አጥንቶች ጎን ወደ ላይ የቆመ ጠርዝ ነው። በዕድሜ ብዛት እዚያ ተጨማሪ አጥንት ሲበቅል የነርቩን መውጫ ያጠብና ሕመሙ እስከ ክንድ ይወርዳል።

እንግዲህ ቆሽት፣ አፍንጫ፣ አንገት። ሦስት የተለያዩ ስፔሻሊስቶች፣ አንድ ቃል። የአናቶሚ ስሞችን ወጥ ለማድረግ እ.ኤ.አ. በ1895 ባዝል (ስዊዘርላንድ) ላይ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ዓለም አቀፉ ዝርዝርም በ1998 ታትሞ ሁለተኛ እትሙ በ2019 ወጥቷል። በነዚህ ዝርዝሮች ስሙ ከባለቤቱ ጋር ይጻፋል፤ «የሃሜት አጥንት ሃሙለስ» እንደማለት። አንቺም ደብተርሽ ላይ እንደዚያው ጻፊ። አሳጥሮ መጻፍ የሚያምረው አካሉን ጠንቅቀሽ ስታውቂ ነው።

አራቱን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብተው የሚያስታውሱ ተማሪዎች አሉ። እኔ አልወደውም። ፊደሉን ያስታውሳሉ፤ አጥንቱ እጃቸው ላይ ሲቀመጥ ግን ዝም ይላሉ። ላቦራቶሪ ግቢ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሃሜትን ዳስሺ፣ የየትኛው እጅ እንደሆነ ለመናገር ሞክሪ።

ጥያቄ፦ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ኮራኮይድ እና ኮሮኖይድ ሁለቱም የቁራ ምንቃር ናቸው ይባላል። በአጭሩ ቢለዩልኝ?

መልስ፦ ኮራኮይድ በትከሻ አጥንት ላይ ብቻ ነው ያለው። ከማጅራት ሳይሆን ከፊት በኩል፣ ከብራኳ አጥንት የውጭ ጫፍ ሥር ጣትዎን ቢያስገቡ ያገኙታል። ኮሮኖይድ ግን ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ክርን ላይ፣ የአልና (በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት) የፊት ጉጥ ነው፤ ክንድ የሚያጥፈው ብራኪያሊስ ጡንቻ እዚያ አካባቢ ይያያዛል። ሌላው በታችኛው መንጋጋ ላይ ነው፤ ስናላምጥ ጆሮ ግንዳችን ላይ የሚንቀሳቀሰው ቴምፖራሊስ ይይዘዋል። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «ኮሮኖይድ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ፣ ሕመምተኛውን ከማስተኛትዎ በፊት ወደ ሐኪሙ ይደውሉ።