«ክኒኑ ሲያልቅ የዳንኩ መስሎኝ» (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልብና ስለ ግፊት ናቸው። እንዳመጣጣቸው ልመልስ።

«ደም ብዛት አለብህ ተባልኩ። ደም ብለግስ አይቀንስልኝም?»

ስሙ ነው ያሳሳተዎት። የበዛው ደሙ አይደለም፤ ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። መለገሱ ጽድቅ ነው፣ ሕክምና ግን አይደለም።

በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት የሚበሉ አንባቢ «ክኒኑን ልተወው?» ይላሉ።

ሽንኩርቱን ይብሉ፣ ክኒኑንም ይዋጡ። ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ወዘተ።

ሌላ አንባቢ ደግሞ ልጃቸው ከዱባይ የግፊት መለኪያ ልካላቸዋለች። ቤት 132፣ ጤና ጣቢያ 158። «ማንን ልመን?»

ዳገት ወጥተው፣ ተሰልፈው፣ መንገድ ላይ ቡና ጠጥተው የተለኩት ከፍ ቢል አይግረምዎ። አምስት ደቂቃ ይረፉ። ጀርባዎን ይደገፉ፣ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ክንድዎ ከልብዎ ትክክል ይሁን። ሲለኩ ወሬ የለም። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። ደብተሩንም መለኪያውንም ይዘው ይሂዱና ከጤና ጣቢያው ጋር ጎን ለጎን ይለካ። ባለሙያው ደብተሩን ሳያይ ገፋ ካደረገው፣ መልሰው ይግፉለት።

አንዲት እናት በልጃቸው እጅ አጽፈዋል። ጤና ጣቢያው የግፊትና የስኳር ታካሚዎችን ሰብስቦ «አገልግሎታችንን እንዴት እናሻሽል?» ሊላቸው ነው። «እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ሐኪም ፊት ምን እላለሁ?»

እማማ፣ ይሂዱ። ለምን እንደምል ልንገርዎ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ጤና መኮንን ነበርኩ። የግፊት ታካሚዎቻችን ሁለት ሦስት ወር ይመጡና ይጠፋሉ። «መድኃኒትዎን አያቋርጡ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሰዉ መጥፋቱን ቀጠለ። በየስብሰባው «ቸልተኞች ናቸው» ይባላል። እኔም ብያለሁ።

አንድ ቀን የጠፉትን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል አስፈለግን። ስምንት መጡ፣ ቡና ተፈላ። (የዚያን ቀን ግፊት አልለካንም።) አንዲት ሴት «ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። በርበሬዬን ማን ይሽጥልኝ?» አሉ። ሌላዋ ኮሪደር ላይ የግፊት ቁጥራቸው ጮክ ተብሎ መነገሩ አሳፍሯቸዋል፤ ጎረቤት ይሰማል። ጥግ የተቀመጡ አባት ደግሞ ቀስ ብለው «ክኒኑ ሲያልቅ የዳንኩ መስሎኝ ነበር» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ወባ ይዟቸው ክኒን ጨርሰው የዳኑ ሰው ናቸው፤ ግፊትም እንደዚያ ቢመስላቸው ምን ይገርማል? ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያም፣ ስለዚህ የሚያስታውስ ሕመም የለም። «ይህ ምናልባት ዕድሜ ልክ ነው» ብሎ የነገራቸው ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ቸልተኛው ማን ነበር?

ቀጠሮውን ወደ ሐሙስ አዞርን። መለኪያውን ክፍል ውስጥ አስገባን። አንድ ሳንቲም አላወጣንም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስም አይደለም። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በየጤና ተቋሙ ሌላውን ታካሚ ሲመክሩ፣ የጠፋውን ሲፈልጉ ኖረዋል። ማኅበረሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት ካርድም አለ። ልብና ግፊት ላይ ሲደርስ ነው ታካሚው ዝም ብሎ ክንዱን የሚዘረጋው።

ስለዚህ እማማ፣ የትኛው ቀን እንደማይመችዎ፣ ክኒን የለም ተብለው ስንቴ እንደተመለሱ፣ ምን እንዳልገባዎ ይንገሯቸው። እሱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሐኪም የለም። በሁለተኛው ስብሰባ «ያኔ ያልነው ምን ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለ፣ የጠሩዎት ለፎቶ ነው።

«ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምቆ ይይዘኛል፣ ስቆም ይለቀኛል። ጨጓራ ነው አሉኝ።» የ54 ዓመት ሰው ናቸው፣ ያጨሳሉ።

ለእኚህ አንባቢ ደብዳቤው እንደደረሰኝ ደውያለሁ። እዚህ ያወጣሁት ተመሳሳይ ስሜት ላላቸው ነው። ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ይህን ለነገ የሚያሳድሩት አይደለም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው የልብ ምርመራ ይደረግልኝ ይበሉ። ሕመሙ አርፈውም ካልለቀቀ፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ታክሲ ከቀረበዎት ታክሲ ይያዙ። ብቻዎን ግን አይሂዱ።