ከመቆፈራችሁ በፊት ተራውን ጠይቁ

ልጆቼ፣ እኔ የውሃ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጥፋቴ ነው።

አዲስ ምሩቅ ሆኜ ቦረና ተመደብኩ። ካርታ ነበረኝ፣ ዶዘር ነበረኝ፣ ጉራም አላነሰኝም። ሰፊ ሣር አየሁና «እዚህ ኩሬ ቢኖር ከብቱ ከመንከራተት ይድናል» አልኩ። አንድ ሽማግሌ «ይሄ የዝናብ ጊዜ ሣር ነው፤ ሲደርቅ ትተነው እንሄዳለን» አሉኝ። ሰማሁ እንጂ አልገባኝም።

ኩሬው ተቆፈረ፣ ሞላ፣ በግ ታርዶ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ከብቱ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ሣሩ ዓመቱን ሙሉ ተጋጠና መሬቱ ተራቆተ። ከወዲያኛው ወገን የመጡትም «የመንግሥት ውሃ ነው» ብለው ተጠጉ። ዱላ ተነሳ። ሪፖርቱ ላይ «የጎሳ ግጭት» ተብሎ ተጻፈ። የማን እጅ እንዳለበት ግን እኔ አውቃለሁ። ውሃ አመጣሁ፤ ተራ የሚያወጣ ዳኛ ግን አላቆምኩለትም።

ዳኛውን ያየሁት ዘግይቼ ዱብሉቅ ላይ ነው፣ ቱላ ከሚባሉት የቦረና ጥልቅ ባህላዊ ጉድጓዶች ዘጠኝ ሥፍራዎች በአንዱ። ከቱላዎቹ ጥልቀታቸው 30 ሜትር የሚደርስ አሉ። ወጣቶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ለጨዋታ አይደለም፤ ምቱ ከጠፋ ውሃው ይደፋል። ገንዳው አጠገብ አባ ሄሬጋ የሚባለው የተራ ዳኛ ቆሟል። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው። ጉድጓዱ የጎሳ ነው፤ ሌላውም ግን በወጉ ከጠየቀ ተራ ይሰጠዋል። ድርቅ ሲበረታ ከብት በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣል፤ ወረፋውን ዘሎ የገባ በሸንጎ ይጠየቃል።

ተራ ዝናብ አያመጣም፣ አልዋሻችሁም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ የቦረና ከብት አለቀ።

ቲሸርት ለብሳችሁ ችግኝ ስትተክሉ ሳይ ደስ ይለኛል (ፎቶው ትንሽ ቢበዛም)። ግን ከመትከላችሁ በፊት ያን መሬት ማን፣ በየትኛው ወር እንደሚጠቀምበት ጠይቁ። የሳተላይት የሣር ካርታ ካላችሁ ለቢሮ ሳትልኩት በፊት ለአባ ሄሬጋ አሳዩት፤ ስህተቱን በጣቱ ያሳያችኋል። ከወዲያኛው ወገን እኩዮቻችሁ ጋርም ስለ ሰላም ለመወያየት ብቻ አትሰብሰቡ። ደለል የሞላው ጉድጓድ ፈልጉና አብራችሁ ጥረጉ። ጭቃ ውስጥ ቆሞ ባልዲ የሚቀባበል ሰው ስም መጠያየቁ አይቀርም።

ጡረታ ልወጣ ስል ያንን ኩሬ ሄጄ አየሁት። በደለል ተደፍኗል። አንድ እረኛ ልጅ «ማነው እዚህ የቆፈረው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።