ከሲፓፑ በፊት አፍንጫውን እዩልኝ

ውድ ወጣት ነርሶችና ሐኪሞች፣

ብሮንኪዮላይቲስ (የሳንባ ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ሕመም) የያዘው ሕፃን ትንፋሽ አጥሮት ሲመጣ ወደ ሲፓፕ፣ ማለትም በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት ወደሚሰጠው መሣሪያ፣ ከመሮጣችሁ በፊት አፍንጫውን እዩልኝ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን የሚተነፍሰው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። በንፍጥ ከተደፈነ ደረቱ ይሰረጉዳል፣ ጡት መጥባትም ያቅተዋል። በየቀዳዳው ጥቂት የሳላይን (የጨው ውሃ) ጠብታ ጨምሩና ንፍጡን በቱቦ በቀስታ ሳቡ (ሰክሽን አድርጉ)፤ ቱቦውን ወደ ጉሮሮ አታዝልቁ፣ ያሳብጣል። ከዚያ ትንፋሹን እንደገና ቁጠሩ። አንዳንዱ ልጅ በዚህ ብቻ ይቀለዋል።

በሽታው ትንንሾቹን የአየር ቧንቧዎች ያሳብጣል፣ በአክታም ይደፍናል። ሲፓፕ የሚጠቅመው ልጁ አየር ሲያስወጣም ግፊት ስለሚጠብቅና ቧንቧዎቹ እንዳይዘጉ ስለሚያደርግ ነው። በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ኦክስጅን ይህን አይሠራም፤ የደም ኦክስጅን መለኪያው (ኦክሲሜትሩ) 94 በመቶ እያሳየ ልጁ በድካም ሊወድቅ የሚችለውም ለዚህ ነው።

በባብል ሲፓፕ፣ ማለትም የአየር መውጫው ቱቦ በውሃ ጠርሙስ በሚነከርበት ሲፓፕ፣ ግፊቱን የሚወስነው የመውጫው ቱቦ ውሃው ውስጥ የገባበት ጥልቀት ነው። ብዙ ጊዜ በ5 ሴንቲ ሜትር ይጀመራል። በቱቦው የሚጠራቀመው እርጥበት እየተንጠባጠበ የውሃውን ከፍታ ስለሚጨምር በየጊዜው ለኩት። አረፋው ከቆመ የአየር ፍሰቱን ከመጨመራችሁ በፊት አየሩ የሚያመልጥበትን ፈልጉ፦ የጠበበ ፕሮንግ (አፍንጫ ውስጥ የሚገባው አጭር ቱቦ)፣ የላላ መጋጠሚያ፣ የተከፈተ አፍ። አረፋ መኖሩም ብቻውን አያስተማምን፤ ፕሮንጉ በንፍጥ ቢደፈን እንኳ ውሃው መፍለቅለቁን ይቀጥላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ትታችሁ ደረቱን አዳምጡ።

ፕሮንጉ ቀዳዳውን ይሙላ፣ ግን የአፍንጫውን መሃል ግድግዳ አይጫን። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካልተዋችሁለት ቆዳው ይነጣል፣ ቀጥሎ ይቆስላል። የሚዋጠው አየር ሆዱን ነፍቶ ድያፍራሙን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሚገፋ በአፍ በኩል የጨጓራ ቱቦ አስገብታችሁ ጫፉን ክፍት ተዉት። አየሩ ይሙቅ፣ ይርጠብ፤ ደረቅ አየር አክታውን ያጠጥረዋል። የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞልና እብጠት የሚቀንሰውን ስቴሮይድ በልማድ አትዘዙ፤ በዚህ በሽታ ጥቅማቸው አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዳካ (ባንግላዲሽ) ጥናት ባብል ሲፓፕ ከባድ የሳንባ ምች ያለባቸውን ሕፃናት ሞት እንደቀነሰ አሳየ። በ2019 የታተመው የማላዊ ጥናት ግን ሐኪም በየቀኑ በማይከታተልበት ክፍል፣ ለሞት አደጋ በይበልጥ በተጋለጡ ሕፃናት ላይ ሞት እንደጨመረ አገኘ። ይህን ልዩነት የክትትል ጉዳይ አድርጌ ነው የማነበው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰዓት ከአልጋው አጠገብ አትራቁ።

በዚያ ሰዓት የትንፋሽና የልብ ምት መቀነስ፣ ስርጉደቱም መላላት አለበት። የትንፋሹ ቁጥር ቀንሶ ልጁ ከፈዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ ግን መሻሉ አይደለም፣ ደክሟል። ከ2 ወር በታች የሆኑትና ያለጊዜያቸው የተወለዱት ለትንፋሽ መቋረጥ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በድንገት ከባሰበትና በአንድ በኩል የአየር ድምፅ ከጠፋ ሳንባው ዙሪያ አየር አምልጦ ይሆናል። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው አምቡ ባግና ልኩን የጠበቀ ማስክ አልጋው ጋ ይኑር፤ ከፍተኛ ባለሙያም ወዲያው ጥሩ።