የጦርነቱ ዘመን በርለስክ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወገኖቼ። ለንደን ውስጥ ለበርለስክ ትርዒት ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር በ1940ዎቹ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መንፈስ አንድ ምሽት እናዘጋጃለን። «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰሰታችሁም። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ በርለስክ የሚሉት ምንድን ነው? ከራቁት ጭፈራ በምን ይለያል?

ፌዝ፣ ዘፈን፣ ዳንስና ልብስን ቀስ ብሎ ማውለቅ ተደባልቀው የሚቀርቡበት ትርዒት ነው። ሲጀመር ፌዙ ነበር የሚበዛው። እንግሊዞች ቁም ነገረኛ የሚባሉ ድራማዎችን እያስመሰሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሊዲያ ቶምሰን የምትባል ተዋናይት በ1868 ቡድኗን ይዛ ኒው ዮርክ ገባች። ማውለቁ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የጎላ ነው። ዛሬም ቢሆን ለእኔ ዋናው ነገር ተዋናይቱ የምትጫወታት ገጸ ባሕርይ ናት። ጎበዝ ተዋናይ አንድ ጓንት ለማውለቅ ሁለት ደቂቃ ትወስዳለች፤ ሰዉም ዓይኑን አይነቅልም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጦርነት በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ መጫወቻ ስታደርጉት አዘንኩ። አይከብድም?

እማማ፣ ይከብዳል። ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እኛ የምናሳየው ግን ውጊያውን አይደለም። ቦምብ እየወረደ ሰው ለምን ቲያትር ቤት እንደሄደ ነው የምናሳየው።

ለንደን ሶሆ ውስጥ ዊንድሚል የሚባል ቲያትር ነበር። በሴፕቴምበር 1939 መንግሥት ቲያትር ቤቶችን ሁሉ ሲዘጋ እሱም ለጥቂት ቀናት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ መጋረጃውን አላወረደም። በትርዒቱ ራቁታቸውን የሚቆሙ ሴቶች ነበሩ፤ እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው መቆም እንጂ መንቀሳቀስ አይችሉም ነበር፤ የዘመኑ ሳንሱር የፈቀደው እንደዚያ ብቻ ነበር። የምሽት የቦምብ ድብደባው ሲበረታ ሠራተኞቹ ከመድረኩ በታች ባለው ምድር ቤት ያድሩ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አልተረፈም። ካፌ ደ ፓሪ የሚባለው የለንደን የምሽት ክበብ ከመሬት በታች ስለሆነ ደህና ቦታ ነው ይባል ነበር። ማርች 8 ቀን 1941 ቦምብ ገባበትና ከ30 በላይ ሰው ሞተ። የባንዱ መሪ ኬን ጆንሰን፣ ከብሪቲሽ ጊያና የመጣው ጥቁር ወጣት፣ እዚያው መድረኩ ላይ ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። በየትርዒታችን ስሙን ጠርተን አንድ ደቂቃ ዝም እንላለን።

እኛም አገር መድረክና ጦርነት ይተዋወቃሉ። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1935፣ በእኛ 1927፣ የተቋቋመው ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን በንግግርና በመዝሙር ለማነቃቃት ነበር። ይዘቱ ከበርለስክ ጋር አይገናኝም። ግን ሰው በጭንቅ ጊዜ ተሰብስቦ መዘመር እንደሚያስፈልገው እኛም እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት። የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ ሳይረን በትርዒታችን አይጮህም። መጀመሪያ ዓመት አስጮኽነው፤ ከተመልካቾቹ አንዷ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ከጦርነት ሸሽታ የመጣች ልጅ ነበረች። ተከትያት ወጥቼ ደጅ ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ መብራት እናደበዝዛለን እንጂ ሳይረን አንነካም።

ጥያቄ፦ ልብሱን ከየት ታመጪዋለሽ? የዘመኑን እውነተኛ ቀሚስ መግዛት አለብኝ?

አይ፣ አትግዢ። 80 ዓመት ያለፈው ጨርቅ መድረክ ላይ ይቀደዳል፤ ያሳዝናልም። ስፊው። ከመስፋትሽ በፊት ግን እጥረቱን አስቢ። ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ልብስ በኩፖን ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ አዋቂ የተሰጠው 66 ነበር። አንዲት የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን ትበላ ነበር። ስለዚህ ቀሚሱ ጠበብና አጠር ያለ፣ ትከሻው ደግሞ ሰፋና ቀጥ ያለ ነው። ብዙ እጥፋትና ብዙ ዳንቴል ካደረግሽበት ዘመኑን ለቀቅሽ። ብልጭልጩና ላባው ለውስጥ ይቆይ። ከላይ ቁጥብ፣ ከውስጥ ድግስ የሆነ ልብስ ሲወልቅ ታሪክ ይናገራል። ከፓራሹት ሐር የውስጥ ልብስ የሰፉ ሴቶች ነበሩ። እኔም ነጭ ሐር የመሰለ ጨርቅ ገዝቼ፣ የፓራሹቱን ስፌት አስመስዬ አንድ ሙሉ ትርዒት ሠርቼበታለሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ቁልፎቹን ሁሉ በስናፕ፣ ማለትም ተጭኖ በሚገጠምና ሲጎተት በሚከፈት መያዣ፣ ቀይሪያቸው። እውነተኛ ቁልፍ በላብ እጅ አይፈታም። ልምምዱንም ልብሱን ለብሰሽ አድርጊው፤ በቱታ የተለማመደች ልጅ መድረክ ላይ ዚፕ ይይዛታል። ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ነገር ካለሽ ሙጫውን ከአንድ ቀን በፊት ክንድሽ ላይ ሞክሪው።

ጥያቄ፦ የወታደርና የነርስ ልብስ መልበስ ይፈቀዳል?

ለመድረክ ሥራ የወታደር ልብስ እንግሊዝ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ዩኒፎርሙን የሚያዋርድ ነገር ግን በሕግ ያስጠይቃል። የነርስ ልብስ ላይ ተጠንቀቂ። በነጭ ላይ ያለው ቀይ መስቀል በጄኔቫ ስምምነትና በአገሩ ሕግ የተጠበቀ ምልክት ነው፤ ለጌጥ አይሆንም። እኛ ይህን ያወቅነው ፖስተሩ ከታተመ በኋላ ነው። ሁሉንም ጥለን እንደገና አሳተምን፤ ለቲኬት ማስታወቂያ የያዝነው ገንዘብ እዚያው አለቀ። በቀይ ልብ ተኪው። የናዚን ምልክት እኔ ቤት አላስገባም፣ ለፌዝም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ሙዚቃው ድሮ ስለሆነ ነፃ ነው አይደል?

አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የደራሲው መብት እሱ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። አዳራሹ የሙዚቃ ፈቃድ እንዳለው ቀድመሽ ጠይቂ። ስለ ከተማው ምክር ቤት ፈቃድም እንደዚሁ፤ በርለስክን የሚያዩበት ዓይን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ አዳራሽ ከመከራየትሽ በፊት የምታቀርቢውን በግልጽ ጽፈሽ ላኪላቸው።

ጥያቄ፦ ሰው አልመጣልኝም። ኢንስታግራም ላይ የለጠፍኩት ሁሉ ይሰረዛል። ምን ላድርግ?

የተራቆተ ፎቶ መለጠፍ ተዪ። ሳይሰረዝ ቢቀርልሽም ቲኬት ሲሸጥ አላየሁም። ስፌቱን አሳዪ፤ ፀጉር ሲጠቀለል፣ ቀይ ሊፕስቲክ ሲቀባ፣ ላባ ሲለጠፍ ቅረጪ። እኔ ከስምንት ሳምንት በፊት እጀምራለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ስዊንግ የሚባለው የዘመኑ የጃዝ ዳንስ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቦታዎች ነው። እነሱ ልብሱም ጫማውም አላቸው፤ አንዱ ከመጣ አምስት ይዞ ይመጣል። አሮጌ ልብስ የሚሸጡ ሱቆችም ፖስተር ይለጥፉልሻል። ቲኬቱ ላይ «የዘመኑን ልብስ ለብሳችሁ ኑ» በይበት፤ የለበሰ ሰው በዝናብም አይቀርም። ከኖቬምበር 11 አካባቢ ግን ራቂ። ያ ሳምንት እንግሊዝ ውስጥ በጦርነት የሞቱት መታሰቢያ ነው፤ ለእነሱ ይተውላቸው።

ተዋናዮችሽን ሳትጠይቂ ፎቷቸውን አትለጥፊ። ቀን ቀን አስተማሪ የሆነች፣ ባንክ የምትሠራ አለች። የመድረክ ስም የሚይዙት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልካች ሆኜ ልመጣ ነው። የዘመኑ ልብስ የለኝም።

ጥቁር ቀሚስና ቀይ ሊፕስቲክ ይበቃል። ስቶኪንግ ከሌለሽ ያኔ ሴቶቹ እንዳደረጉት አድርጊ። ሐሩም ናይሎኑም ሲጠፋ እግራቸውን ቡናማ ቀብተው፣ ከኋላ የስፌቱን መስመር በቅንድብ እርሳስ ይስሉ ነበር። መስመሩን ጓደኛሽ ትሳልልሽ፤ አንቺ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ለራስ ሲሳል ይጣመማል።