ብራስልስን (የአውሮፓ ኅብረትን) ላጠና ገብቼ ክልል ምን ያደርግልኛል?

ጥያቄ፦ በሕግ ተመርቄ በአውሮፓ ውህደት ማስተርስ ልጀምር ነው። ስለ ክልሎችና ስለ ባህል ብዝኃነት የሚሰጡት ኮርሶች ግን ጊዜ ማባከን መሰሉኝ። ልዝለላቸው?

መልስ፦ ኧረ እንዳታደርገው! ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ያለችውን ደቡብ ታይሮልን ውሰድ፤ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛና ላዲንኛ ይነገርባታል፣ የመንግሥት ሥራም በቋንቋ ቡድኖች ብዛት ይከፋፈላል። እዚያው ቦልዛኖ አንድ ባንክ፣ ሁለቱን ዋና ቋንቋዎች መቻልን የሚያረጋግጥ፣ በዚያው ግዛት ብቻ የሚሰጥ ወረቀት ካላመጣችሁ አልቀጥርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. ቋንቋ መጠየቁ ችግር የለውም፣ ማስረጃው ያ ወረቀት ብቻ ይሁን ማለት ግን የሠራተኞችን ነፃ ዝውውር (በየትኛውም የኅብረቱ አባል አገር ሄዶ የመሥራት መብትን) ይጥሳል ሲል ወሰነ። ክልል፣ ቋንቋና ውህደት በአንዲት ወረቀት ሲጋጩ አየህ? ለሕግ ሰው ከዚህ የሚጥም የመመረቂያ ርዕስ እኔ እንጃ። ደግሞ ጀርመንኛ ወይም ጣሊያንኛ ከአሁኑ ጀምር፤ የአካባቢው ሰነዶች በእንግሊዝኛ ብቻ አይገፉም።