ዳኛ መሆን ለምታስብ የምክር ቤት ዕጩ

ወንድሜ፣ «እህቴ ፊኒክስ ውስጥ ጠበቃ ናት፤ ለአሪዞና ምክር ቤት ልትወዳደር ነው። ነገ ዳኛ ልሁን ብትል ፖለቲካው ይዘጋባታል ወይ?» ላልከው፦ አይዘጋባትም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር እዚያው ፊኒክስ የሄዱበትን መንገድ አስጠናት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

1ኛ፣ የሕግ ሙያዋን አትልቀቅ። ኦኮነር ከ1965 ጀምሮ የስቴቱ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ነበሩ። በ1969 በተጓደለ ወንበር የአሪዞና ምክር ቤት አንዱ ክፍል የሆነው ሴኔት ገቡ፤ በ1973 በሴኔቱ የአብላጫው ፓርቲ መሪ ሆኑ፤ በየትኛውም ስቴት ሴኔት ይህን ቦታ ከያዙ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። ምክር ቤቱ በጥር ተከፍቶ 100 ቀን ገደማ እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ ጥብቅናው ጎን ለጎን ይሄዳል።

2ኛ፣ ቀኑን ታስላ። የአሪዞና ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል በተመረጠበት ዘመን ሌላ የስቴት ወይም የካውንቲ ሹመት እንዳይዝ ይከለክላል፤ መምህርነትና የትምህርት ቤት ቦርድ ብቻ ተፈቅደዋል። ዘመኑ 2 ዓመት ነው። ኦኮነር በ1974 ለሴኔት ዳግም መወዳደሩን ትተው ፊኒክስ ላለችበት ለማሪኮፓ ካውንቲ ዳኝነት ተወዳደሩ፤ አሸንፈው በ1975 ችሎት ተቀመጡ። ሳውዝ ካሮላይና ቢሆንማ ከምክር ቤት ከወጡ በኋላ ገና አንድ ዓመት መጠበቅ አለ።

ማሪኮፓ ላይ ግን ዛሬ በምርጫ ዘመቻ ዳኛ መሆን የለም። በዚያው በ1974 ሕዝቡ ሥርዓቱን ለወጠው። አሁን ማመልከቻው የዳኛ ዕጩዎችን ለሚመርጥ ኮሚሽን ይገባል፤ ኮሚሽኑ ቢያንስ 3 ስም ለገዥው ይልካል፤ 3 ብቻ ከሆኑ ከ2 በላይ ከአንድ ፓርቲ መሆን አይችሉም፤ ገዥው አንዱን ይሾማል። ዕድሜ 30፣ በአሪዞና ጥብቅናና ነዋሪነት 5 ዓመት ይጠየቃል። ከኮሚሽኑ አባላት የሚበዙት ጠበቆች አይደሉም፤ የፓርቲ ወገንተኝነትም ብቻውን አያስመርጥም። ኦኮነርን በ1979 ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሾሟቸው ገዥ ብሩስ ባቢት ዴሞክራት ነበሩ፤ ኦኮነር ግን ሪፐብሊካን።

ዋናው ነገር የምትሰጠው ድምፅ ነው። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ኦኮነርን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጯቸው ሹመቱን የሚያጸድቁት የአሜሪካ ሴኔት አባላት አጥብቀው የጠየቁት ስለ ፍርዶቻቸው ሳይሆን በ1970 በአሪዞና ሴኔት ኮሚቴ ውስጥ ስለ ፅንስ ማስወረድ ረቂቅ ሕግ ስለሰጡት ድምፅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፤ እሳቸውም አላስታወሱትም፤ እንዴት ድምፅ እንደሰጡ የታወቀው ከጋዜጣ ነው። በ1974 ስለሰጡት ሌላ ድምፅ ግን መልሳቸው ጥርት ያለ ነበር፦ የስታዲየም ረቂቅ ላይ የማይገናኝ የፅንስ ማስወረድ አንቀጽ ስለተለጠፈ ተቃወምኩ፣ ሕገ መንግሥቱ አንድ ረቂቅ ከርእሱ እንዳይወጣ ያዛል አሉ። በ99 ለ0 ጸደቁ።

ስለዚህ እህትህ ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ትክፈት፦ የረቂቁ ቁጥር፣ ድምፅ የተሰጠበት ቅጂ የትኛው እንደነበር፣ ቀኑ፣ ምክንያቷ በሁለት መስመር። የኮሚቴውን ድምፅ እንዳትዘለው፤ ኦኮነርን ያስቸገራቸው እሱ ነው።