የአይጥ ፅንስ እግር የሚያወጣው እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

ስለ ፅንስ ዘረመል የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ሁሉ ወደ እግር አዘነበለ። እሰየው!

ጥያቄ፦ እግሩ በስንተኛው ቀን ይጀምራል?

መልስ፦ የአይጥ እርግዝና 19 ወይም 20 ቀን ገደማ ነው። የፊት እግሮች በ9ኛው ቀን ተኩል አካባቢ ከጎን እብጥ ብለው ይታያሉ። የኋላዎቹ በግማሽ ቀን ያህል ይዘገያሉ።

ጥያቄ፦ «ጀምር» የሚለው ማነው?

መልስ፦ ለፊት እግር ቲቢኤክስ5 የሚባል ጂን ነው። እሱ ኤፍጂኤፍ10ን ይቀሰቅሳል። ይህ ደግሞ የውስጥ ህዋሳት ለላይኛው ሽፋን የሚልኩት መልእክት ነው። ሽፋኑም ጫፉ ላይ ሸንተረር ይሠራና በኤፍጂኤፍ8 ይመልሳል። እንዲህ እየተቀባበሉ እግሩን ያስረዝሙታል። ኤፍጂኤፍ10 የሌላቸው አይጦች ያለ እግር ይወለዳሉ። ሳንባም ስለሌላቸው ወዲያው ይሞታሉ።

ጥያቄ፦ የጅል ጥያቄ ከሆነ ይቅርታ፤ ሳንባና እግርን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ኧረ የጅል አይደለም፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሰውነት ለየአካሉ የተለየ ጂን የለውም። ያንኑ ጂን እዚህም እዚያም ይሠራበታል። የት እና መቼ እንደሚበራ የሚወስነው ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት።

ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለውን ጂን እንይ። እግር ላይ የሚበራው በትንሿ ጣት ወገን ባለው ጠርዝ ብቻ ነው። ማብሪያው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የዲኤንኤ ፊደል ርቆ፣ ያውም ሌላ ጂን ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል። ማብሪያውን ብቻ ስታወጡት፣ ይኸው ጂን የሚሠራበት የአይጡ አንጎል ደህና ነው፤ እግሩ ግን አጥሮ ይቀራል፣ ጣቶቹም በወጉ አይወጡም። በ2016 የታተመ ሥራ ላይ ተመራማሪዎች የአይጡን ማብሪያ በእባብ ማብሪያ ተኩ። የወጣው ጉቶ ብቻ ነበር! ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ይህን የሚያክል የለም።

ጥያቄ፦ ትርፍ ጣትስ?

መልስ፦ እዚያው ማብሪያ ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር ሊመጣ ይችላል፤ በሰውም በድመትም ታይቷል። ጂኤልአይ3 የሚባለው ጂን ሲበላሽም ይመጣል። የሚገርመው፣ ሶኒክ ሄጅሆግና ጂኤልአይ3 ሁለቱም ሲጠፉ ጣቱ ከአምስት ይበልጣል፤ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። ስለዚህ የሶኒክ ሄጅሆግ አንዱ ትልቅ ሥራ ጂኤልአይ3ን መግታት ነው።

ጥያቄ፦ የአይጡ ውጤት ለሰው ይሠራል?

መልስ፦ በአብዛኛው። የሰው ቲቢኤክስ5 አንዱ ቅጂ ሲበላሽ እጅና ልብ አብረው ይጎዳሉ፤ ሆልት ኦራም ሲንድሮም ይባላል። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ታሊዶማይድ የብዙ ሕፃናትን እጅና እግር ያጎደለ መድኃኒት ነው፤ የአይጥን ፅንስ ግን እንደዚያ አይጎዳም።